የዶክተሯ መነጽር

የእህቴ ባል ልጁ መጽሐፍ ስትገልጥ መስታወት አይቆርጥም ነበር። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ መቁረጫው እጁ ላይ ሆኖ እንኳ ከጓዳ የንባብ ድምፅ ከሰማ መቁረጫውን ያስቀምጥና ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል። ደንበኛው ቢቆጣ ጉዳዩም አይደለም። «ልጄ እያጠናች ነው፤ ነገ ና» ይላል አፉን ሞልቶ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ወደ ጓዳ ይጥላል። ከምትለው ነገር አንዱም አይገባውም። ግን ሳትደናቀፍ ስታነበንብለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ላየ ሰው ሁሉም የገባው ይመስላል።

ሰፈሩ «መስታወቱ» እያለ ይጠራዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ልጅቷን «ዶክተሯ» ያላት ራሱ ነው፣ ያውም ገና አንደኛ ክፍል ሳትገባ። እሱም እህቴም የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ጋሼ ቁጥር ስለማይጽፍ መስኮት ሊለካ ሲሄድ ሲባጎ ይዞ ይሄድና ቋጠሮ እየቋጠረ ይመለሳል፤ ኪሱ ሁልጊዜ በሰው ቤት መስኮት የተሞላ ነው። በዚያ ቤት ከልጅቷ ሌላ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም እስከ አራተኛ ክፍል። ይህችን አራተኛ ክፍሌን እህቴ በተጣላን ቁጥር ከተቀበረችበት እያወጣች ታሳየኛለች። የማነበው ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። ቢሆንም አነባለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እነሱ ጋ ነው፤ ሱቁ በር ላይ የፎቶ ፍሬም እሸጣለሁ። ሱቁ ከፊት ነው፣ መኖሪያው ከኋላ። ከሱቁ ወደ ጓዳ የሚወስደው ኮሪደር ግራና ቀኙ መስታወት የተደገፈበት ነው፤ ያልተቆረጠው በግራ፣ የተቆረጠው በቀኝ። ሁላችንም ለምደነዋል። ትከሻችንን ሰብስበን፣ ቀጥ ብለን እናልፋለን። ልጅቷም ዳዴ ካለችበት ጊዜ ጀምሮ በዚያ መሀል ስትመላለስ ያደገች ናት፤ አንድም ቀን ጭረት አግኝቷት አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው። ምሳ ላይ ጆጉን አንስታ ብርጭቆው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው። ውሃው ጭኗ ላይ እስኪወርድ አላወቀችም።

«ሐሳቧ ትምህርቷ ላይ ነዋ!» አለች እህቴ በፎጣ እየጠረገች። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው።»

ቀጥሎ ያየሁት የጣት አሻራ ነው። ጠዋት ጠዋት የኮሪደሩን መስታወት የምወለውለው እኔ ነኝ። ከዕለታት አንድ ቀን በወገብ ከፍታ ላይ፣ ከሱቁ በር እስከ ጓዳው በር የተሰለፈ የጣት ምልክት አገኘሁ። ወለወልኩት። በማግስቱም እዚያው ነበር፣ በሁለቱም በኩል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ መስታወቶቹን በጣቶቿ ጫፍ እየዳሰሰች ስትገባ አየኋት። የምትሄደው በጣም ቀስ ብላ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አይታይም።

«ጋሼ፣ ልጅቷን አየሃት?» አልኩት።

«አየኋት እንጂ» አለኝ እየሳቀ። «የተማረ ሰው መቼ እግሩ ሥር ያያል? እያሰበች እኮ ነው የምትሄደው።»

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ደም መሰለ። ጠዋት ራሷን ይዛ ትነሳለች፤ አንዳንዴ ያስመልሳታል። አንድ ምሽት እራት ላይ አምፖሉን ቀና ብላ አይታ «ዙሪያው ቀስተ ደመና አለው» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። እህቴ አምፖሉን አየች፣ ልጇን አየች፣ ደስ አላት። ለጎረቤት ሁሉ እንዲህ ብላ ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ «ልጄ በጥናት ብዛት ዓይኗ ቀላ፤ ራሷን ያማታል እኮ፣ ያ ሁሉ ትምህርት የት ይግባ!» ጎረቤቱም «ጎበዝ ናት፣ ያሳድግልሽ» ይላታል። ሕመሙ እየባሰ በሄደ ቁጥር የእነሱ ኩራት እየጨመረ ሄደ። እኔ ደግሞ ያንን ቤት መፍራት ጀመርኩ።

ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲ አለ። የፋርማሲስቱ ልጅ የኛይቱ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ልጅ። በየቀኑ እየመጣች ጓዳ ይቀመጣሉ። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ የኛይቱ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ ከዚያ ያንኑ ደግማ ትወጣዋለች። ይህን የምናየው በሩ ክፍት ስለሆነ ነው፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እህቴ ግን ያየችውን በራሷ መንገድ ተረጎመችው።

«ምስኪን!» ትለኛለች በሹክሹክታ። «አባቷ እንደዚያ ተምሮ፣ እናቷም አስተማሪ ሆና፣ ልጅቷ ግን መነጽር አድርጋ እንኳ ብቻዋን ማንበብ አቅቷታል። ልጄ ናት የምታርማት። አየሽ፣ እሷ ታነባለች፣ ልጄ ቁጭ ብላ ትፈትናታለች።»

ምን ይባላል? እህቴ ጥናት ምን እንደሚመስል ማየት የምትችለው ከውጭ ብቻ ነው፤ የጎበጠ አንገት፣ የሚገለጥ ገጽ፣ የሚንቀሳቀስ ከንፈር። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ልጇ ደህና ናት። እኔም ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አላውቅም፤ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ሳትመጣ ቀረች። ልጅቷ ብቻዋን መጽሐፍ ገልጣ ስታነበንብ ነበር፤ ጋሼም መቁረጫውን አስቀምጦ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እኔ የታጠበ ልብስ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ነበር የምታወራው፤ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። ከጀርባዋ ሆኜ መጽሐፉን አየሁት። ገጹ ላይ የወንዞችና የተራሮች ካርታ ነው ያለው። ቀስ ብዬ ርዕሱን ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ጂኦግራፊ ነው። እሷ ገጹን ገለጠች፤ ሌላ ካርታ መጣ። ስለ ልብ ማውራቷን ቀጠለች።

በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«መቼ ነው የጀመረሽ?» አልኳት።

መጀመሪያ ልትክድ ሞከረች። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋችው። «አንዱ ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል፣ አክስቴ። በሌላኛው ደግሞ ቀዳዳ የምታህል ቀርታኛለች። በቀዳዳዋ በኩል፣ በጣም ቅርብ ሲሆን አያለሁ። ከዳር ያለው ነገር ሁሉ የለም።»

«ምን ሆነሽ ነው የማትናገሪው?»

«ወንድሜን ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። ወንድሟ ስድስተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪው «ወላጅ አምጣ» አለው። ጋሼ ሄደ፤ ምን እንደተባለ ሳይገባው፣ ልቡ ተሰብሮ ተመለሰ። በማግስቱ «ትምህርት ካልሆነልህ መስታወት ይሁንልህ» ብሎ መቁረጫ አስጨበጠው። ልጁ አሁን ሌላ ከተማ መስታወት ይቆርጣል። ጋሼ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የትምህርት በር ገርበብ ያለ ይሁን የተዘጋ የሚለይበት መንገድ ስላልነበረው፣ አንዴ ተንኳኩቶ ካልተከፈተ ለሱ ያው ተዘጋ ማለት ነው።

«ዓይኗ ታመመ ካልሻቸው ያስቀሩኛል» አለችኝ እጄን ይዛ። «ዓይንሽ ከሚጠፋ ትምህርቱ ይቅር ነው የሚሉት። የመልቀቂያ ፈተናው ይለፍ ብቻ።»

«ፈተናውን በምን ልታነቢው ነው?»

«ቀዳዳዋ እስከዚያ አትደፈንም» አለች። «አንድ አንድ ቃል እያየሁ እጨርሰዋለሁ።»

ያንለት ነጠላዬን ደርቤ በቀጥታ ወደ ፋርማሲው ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማኝና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «የኔ ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ራሴን ስትለኝ ነው የወሰድኳት» አለ። «የሷ ቀላል ነበር። ይሄ ግን የዓይን ግፊት ሳይሆን አይቀርም። እህቴ ስሚኝ፣ በዚህ በሽታ የሄደው አይመለስም። የቀረው ግን ቶሎ ከተደረሰ ይተርፋል። ዛሬ ነገ አትበሉ።»

ለእህቴ ነገርኳት። የመጣው መልስ አስቀድሜ የማውቀው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምቀኝነትሽን አሁን አወጣሽው! አራተኛ ክፍል ላይ ተንጠልጥለሽ ቀርተሽ ልጄ ከፍ ስትል ዓይንሽ ቀላ!»

«የቀላው የሷ ዓይን ነው እትዬ!»

«ለፋርማሲስቱ ነገርሽው? ጉድ! እሱማ ልጁ ከልጄ በታች ስለሆነች ምን የማይለው አለ!»

ቆሽቴ አረረ። ለጋሼ ነገርኩት። እሱ አልተቆጣም፤ እሱ ደስ አለው። የክፍል ኃላፊዋ አስተማሪም በወላጆች ስብሰባ ላይ «መነጽር ሳያስፈልጋት አይቀርም፣ ዓይኗን አሳዩአት» ብላው እንደነበር ያኔ ነው የነገረኝ። ይህንን የሰማው እንደ ሽልማት ነው። እሱ ያያቸው የተማሩ ሰዎች፣ ባንክ ውስጥ ያሉት፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ያሉት፣ ማዶ ያለው ፋርማሲስትም ሳይቀር፣ ዓይናቸው ላይ መስታወት አላቸው። መስታወት ደግሞ የሱ ነገር ነው።

«ፈተናዋን ስታልፍ እኔ ራሴ ወስጄ አስደርግላታለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ይቆይ። ሳትጨርስ አይደረግም፤ ሰው ይስቅብናል።»

ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ለአንድ ሆቴል በር የሚሆን ትልቅ መስታወት መጣ። ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ካልታየ በስተቀር የሌለ የሚመስል ዓይነት ነው። ግድግዳው ሞልቶ ስለነበር ጋሼ ለጊዜው ብሎ ኮሪደሩን አገድሞ አቆመው፤ እኛ በጓሮ በር እንድንገባ ነገረን። ለልጅቷም ነግሯታል ብዬ አስቤ ነበር። ማታ እጆቿን ዘርግታ፣ ግራና ቀኙን እየዳሰሰች ስትመጣ ከጓዳው በኩል አየኋት። ፊት ለፊቷ ያለውን የሚዳስስ እጅ አልነበራትም። ጮህኩ። ጩኸቴና የመስታወቱ መሰባበር አንድ ላይ ሆኑ።

ግንባሯን አልነካትም፤ ተርፋለች። የግራ መዳፏ ግን ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ተሰንጥቆ ነበር። ጋሼ እየሮጠ መጥቶ እጇን በሸሚዙ ጠቀለለው። ያየው የመጀመሪያ ነገር የትኛው እጅ እንደሆነ ነው።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለ። «የምትጽፍበት እጅ አይደለም።»

ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች በእውነት እንደማይሰሙኝ ተረዳሁ። እውነቱ ካልጠቀመ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። በማግስቱ ጋሼ ስባሪውን ሲጠርግ አጠገቡ ቆሜ ማዶ ማዶውን እያየሁ፣ «ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አልኩት። «የፋርማሲስቱ ልጅ ፈተና የምትገባው በመነጽር፣ የመስታወቱ ልጅ ግን በባዶ ዓይኗ ነው ይላል። አባቷ መስታወት እየሸጠ ለልጁ ሁለት ቁራጭ ነፈጋት ይላል።»

መጥረጊያውን አቆመ። አንገቱ ሲቀላ አየሁት። «ማነው ያለው?»

«ሁሉም።»

በማግስቱ ጠዋት የሰርግ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ በር ላይ ቆመ። እህቴ ሱቁን ለመጠበቅ ቀረች፤ ለልጇ ቀሚስ ተኩሳ፣ ፀጉሯን ሠርታ ሸኘቻት። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ክንዴን ግን አልለቀቀችም።

የዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር ጠባብ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ጠበቅን። የሐኪሟ ክፍል በመጋረጃ ብቻ ስለሚለይ በውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። አንዱ ይገባል፣ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ከላይ ወደታች ይጠራል፣ ይወጣል። ሌላው ይገባል፣ ያንኑ ይጠራል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ በፋሻ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። የምትጸልይ መስሎኝ አንጀቴን በላችው።

ተራችን ሲደርስ ሦስታችንም ገባን። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ጋሼ እጇን ጨበጠና «ይቺም ዶክተር ናት፣ ትንሽ ጊዜ ነው የቀራት» አላት። ሐኪሟ ፈገግ አለች። ወንበሩን ስትጠቁማት ግን ልጅቷ ወንበሩን በጉልበቷ ፈልጋ፣ መደገፊያውን ዳስሳ ነው የተቀመጠችው። የሐኪሟ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እስቲ ሰሌዳውን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ጀመረች። አንደኛውን መስመር፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እኔ በከንፈሬ እየተከተልኳት ነበር፤ አንድም አልሳተችም። እኔ ሦስተኛው ላይ ሳለሁ እሷ ታች ደርሳለች፤ የመጨረሻውን መስመር እኔ ጭራሽ ማየት አልቻልኩም፣ እሷ ግን ጠራችው። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ምናልባት እህቴ ልክ ናት፣ ምናልባት ምቀኛ ነኝ። ምቀኛ ብሆን እንዴት ደስ ባለኝ!

ጋሼ ደረቱን ነፍቶ፣ ኮቱን እያስተካከለ አየኝ። «ሰማሽ?» አለኝ።

«ጎበዝ» አለች ሐኪሟ። «አንዴ ድገሚልኝ።» ይህን እያለች ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጫማዋ ድምፅ የለውም። ሰሌዳውን በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። በጀርባው ፊደል አልነበረም። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የተዘጋጁ ሥዕሎች ናቸው ያሉት፤ ከላይ ትልቅ ቤት፣ ከሥሩ ዛፍና ቁልፍ፣ ከዚያ ወፍ፣ ጃንጥላ፣ እያነሱ የሚሄዱ።

ልጅቷ ከላይ ጀመረች። ያንኑ ፊደል ጠራች። ሁለተኛውን መስመር፣ ሦስተኛውን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሳትደናቀፍ።

እኔ ጋሼን አላየሁትም ነበር፤ ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ትንፋሹ ሲቆም ግን ሰማሁት። ዞር ስል ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ አለ፣ ግን ደርቋል። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ልጁ ስታነብ ልክ ትሁን ስህተት ማወቅ አይችልም ነበር። ያቺን ሰሌዳ ግን ማንም ሳይነግረው አነበባት።

«ልጄ» አለ። «ልጄ፣ ቤት ነው እኮ።»

አራተኛው መስመር ላይ አቆመች።

«የቱ?» አለች።

«የላይኛው። ቤት ነው። ጣራ አለው፣ በር አለው፣ መስኮት አለው።» ኮቱን ጨምድዶ ይዟል። «ከሱ ሥር ዛፍ ነው። አጠገቡ ቁልፍ አለ።»

ሐኪሟ ትንሿን መብራት አንስታ ወደ ልጅቷ ዓይን ጠጋች። ልጅቷ ፊቷን ወደ አባቷ ድምፅ አዙራ ነበር። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጓዳ ውስጥ ጓደኛዋ ስታነብላት እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፈነች።

«ቤት» አለች። «ዛፍ። ቁልፍ።» ከንፈሯን አንዴ አንቀሳቀሰች። «ቀጥል አባዬ፣ እይዘዋለሁ።»